በባንክ መስኮት ያለችው ሐምራዊ መብራትና የደላንታ ድንጋይ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ስለ ድንጋይ ነው። «አገር በዚህ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ሆና ስለ ድንጋይ ማውራት ምን የሚሉት ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሳችሁኝ ግን ጉዳዩ የድንጋይ ብቻ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ጉዳዩ የእውቀት ነው። የሚያውቅ ሰው ከማያውቅ ሰው ጋር ሲገበያይ ማን እንደሚከስር የታወቀ ነው።

መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቱ ከተቀየረ ወዲህ ወረታም ሆነ ባሕር ዳር፣ ደብረ ታቦርም ሆነ ደሴ ባንክ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አንዲት መሣሪያ አይቷል። ገንዘብ ተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ ሐምራዊ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ መብራት አለች። ብሩን ከሥሯ ሲያሳልፉት በቀን ብርሃን የማይታይ ምልክት ቦግ ይላል። ምልክቱ ከታየ ብሩ ያልፋል፤ ካልታየ ጥያቄ ይነሳል። መብራቷ የምትሰጠው ብርሃን አልትራቫዮሌት ይባላል። ሐምራዊ ሆኖ የሚታየን ትርፉ ነው እንጂ ዋናውን ጨረር ዓይናችን አያየውም።

ይህችው መብራት በጨለማ ቤት ውስጥ ድንጋይ ላይ ስትበራ ተአምር የሚመስል ነገር ታሳያለች። ቀን ላይ ዞር ብለን የማናየው ተራ ድንጋይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ይበራል። መብራቷ ስትጠፋ ተመልሶ ያው ድንጋይ ይሆናል።

እኔ የምጽፈው ከቁሐር ሚካኤል ነው። የፎገራ ሜዳ ሰው ስለ ማዕድን ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የእኛ ሀብት ሩዝና ከብት ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ እየጠረጉ ያመጡልን ደለል ነው። ግን እኮ ደለሉ ራሱ የድንጋይ ዱቄት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ጋሸና የሚደርሰው መንገድ ሙሉ በሙሉ እሳተ ገሞራ በገነባው መሬት ላይ ነው የሚሄደው። ጋሸና ላይ ሦስት ምርጫ አለ። ወደ ፊት ወልዲያ፣ ወደ ሰሜን ላሊበላ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በቆን በኩል ወገል ጤና። የዛሬው ነገራችን ያለው በሦስተኛው መንገድ ጫፍ፣ ደላንታ ላይ ነው።

፩. ድንጋይ ለምን ይበራል?

መጀመሪያ ነገሩን ከተአምርነት እናውርደው። ተአምር ብለን ከተውነው ለአታላይ ይመቻል።

እ.ኤ.አ. በ1852 ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ የተባለ ሊቅ ይህን ክስተት አጥንቶ «ፍሎረሰንስ» የሚል ስም ሰጠው። ስሙን የወሰደው ፍሎራይት ከሚባለው ማዕድን ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የማይታየው ጨረር ድንጋዩን ሲመታ በውስጡ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ኃይል ሰጥቶ ወደ ላይኛው ደረጃ ያወጣቸዋል። እነሱም እዚያ አይቆዩም፤ ይወርዳሉ። ሲወርዱ ከተቀበሉት ኃይል ከፊሉን በሙቀት ይከፍላሉ፣ ቀሪውን በብርሃን ይመልሳሉ። የተመለሰው ከተቀበሉት ያነሰ ስለሆነ፣ የማይታየው ጨረር የሚታይ ቀለም ሆኖ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ የሚያበራው ድንጋዩ ራሱ አይደለም፤ በውስጡ በጥቂቱ የገባው ባዕድ ነገር ነው። ካልሳይት የሚባለው ማዕድን ማንጋኒዝ ጣል ሲደረግበት ቀይ ይበራል። ሩቢ ክሮሚየም ስላለበት እንደ ፍም ይቀላል። በጣም ጥቂት ዩራኒየም የገባበት ድንጋይ ደማቅ አረንጓዴ ይሰጣል። ብረት ደግሞ በተቃራኒው ብርሃኑን ያዳፍነዋል። እንደኛ አገር ጥቁር ባዛልት ያለው፣ ብረት የበዛበት ድንጋይ፣ ብዙውን ጊዜ ከመብራቱ ሥር ጨለማ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። በባዛልቱ ጉድጓዶች ውስጥ የሚሞሉት ነጫጭ ነገሮች፣ ማለትም ካልሳይትና ካልሲዶኒ የመሳሰሉት፣ አንዳንዴ የሚበሩትም ብረት ስለሚያንሳቸው ነው።

መብራቱም አንድ ዓይነት አይደለም። የባንኩ ዓይነት ረጅም ሞገድ አለ፤ 365 ናኖሜትር አካባቢ። አጭር ሞገድ ደግሞ አለ፤ 254 ናኖሜትር። አንዱ ድንጋይ በአንደኛው ይበራል፣ በሌላኛው ዝም ይላል። አጭሩ ሞገድ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ያለ መከላከያ መነጽር አይነካም። ሼላይት የሚባለውን የተንግስተን ማዕድን የሚፈልጉ ሰዎች አጭር ሞገድ መብራት ይዘው በሌሊት ተራራ ይወጣሉ። ድንጋዩ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ራሱን ያጋልጣል። ልብ በሉ፤ እንዲህ በሌሊት የሚፈልግ ሰው ጊንጥም ያያል፤ ጊንጥም በዚህ ጨረር ይበራል!

፪. ደላንታ

አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ ገደል ላይ፣ ገበሬዎች ኦፓል አገኙ። ኦፓል ከሲሊካና ከውኃ የተሠራ የከበረ ድንጋይ ነው። በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች በሥርዓት ስለሚደረደሩ፣ ድንጋዩን ባዟዟሩት ቁጥር ቀስተ ደመና ይጫወትበታል። ይህ ጨዋታ ከላይ ከተናገርነው መብራት ጋር አንድ አይደለም። የቀለሙ ጨዋታ በፀሐይም በአምፖልም ይታያል፤ ፍሎረሰንስ ግን በአብዛኛው የሚታየው ከማይታየው ጨረር ሥር ነው። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ገበያ ያበላሻል።

ከዚያ በፊትም ኦፓል ነበረን። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመንዝ የወጣው ቡናማ ኦፓል ዓለም ገበያ ደርሶ ነበር። ብዙው ግን ከቆይታ በኋላ እየተሰነጠቀ ስሙን አጣ። የወሎው የተሻለ ጠና። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ አሪዞና፣ ቱሳን ከተማ በየዓመቱ የካቲት ገደማ በሚቆመው የከበሩ ድንጋዮች ገበያ የኢትዮጵያ ኦፓል የታወቀ ስም ሆነ። ለመቶ ዓመት «ኦፓል ማለት አውስትራሊያ» ይባል የነበረው ተናጋ። በ2005 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በጋሸና በኩል ስታይሽ በሚባል ቦታ ጥቁር ኦፓል ተገኘ።

የሚገርመው ይህ መሬት ታሪክ የረገጠው መሬት መሆኑ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ የጂጣንና የበሽሎን ገደል ተሻግረው መቅደላ የገቡት በዋድላና በደላንታ በኩል ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ የፈጀ ጉዞ ነበር። የእንግሊዝ ጦርም ተከትሎ የሄደው በዚያው አምባ ነው። ሁለቱም ጦር የረገጠው አምባ ገደሉ ውስጥ ቀስተ ደመና ይዞ ነበር። ማንም አላወቀም። እንግሊዞች ከመቅደላ ብራናውን፣ ዘውዱን፣ ጽዋውን ጭነው ሄዱ። ድንጋዩን ግን ስላላወቁት ተዉት።

ዛሬ ድንጋዩን የሚያውቁት ሌሎች ናቸው። ጦር አያስፈልጋቸውም፤ ሻንጣና ሚዛን ይበቃቸዋል።

፫. ሚዛንና መብራት

የኦፓሉን ንግድ በሁለት መለኪያ ማየት ይቻላል። መንደር ላይ ጥሬው ድንጋይ በግራምና በኪሎ ይሸጣል። ውጭ የተቆረጠው በካራት ይሸጣል። አንድ ግራም አምስት ካራት ነው። አንድ ኪሎ አምስት ሺህ ካራት ማለት ነው። እርግጥ ሲቆረጥና ሲሞረድ ብዙው ድንጋይ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ «አምስት ሺህ ካራት ሸጥን» ብሎ ማስላት የዋህነት ነው። ቢሆንም መለኪያው ብቻውን ይናገራል። በኪሎ የሚሸጥና በካራት የሚሸጥ ሰው አንድ ገበያ ላይ አይደሉም። ከወሎ የሚወጣው ጥሬ ኦፓል አብዛኛው የሚቆረጠው ሕንድ፣ ጃይፑር ከተማ ነው። የጃይፑር ቆራጭ ልጁን የሚያስተምርበት ገንዘብ ከደላንታ ገደል የወጣ ነው። ይህን የምለው ሕንዱን ለመውቀስ አይደለም። ሠርቶ ነው የበላው።

አሁን መብራቷ የት ትገባለች? እስቲ ነጋዴው በኪሱ ምን እንደሚይዝ ተመልከቱ። ማጉያ መነጽር፣ የኪስ ሚዛን፣ ነጭ ባትሪ፣ አንዲት የአልትራቫዮሌት ባትሪ። ሁሉም ተደምረው ከአንድ ስልክ ዋጋ አይበልጡም። ቆፋሪው ምን ይይዛል? ዶማ፣ መዶሻና የግንባር ባትሪ። ድንጋዩን በምራቁ አርሶ ወደ ፀሐይ ያዞረዋል። አንዱ የሚሸጠውን አያውቅም፣ ሌላው የሚገዛውን ያውቃል። ክፍተቱ ይህ ነው።

የወገል ጤና ኦፓል በዚህ ጨረር ሥር ወጥ ጠባይ የለውም። አንዳንዱ ምንም አይበራም። አንዳንዱ ሰማያዊ ነጭ ወይም ደብዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል። አልፎ አልፎ፣ ጠራ ያለው ዓይነት፣ ጥቂት ዩራኒየም ስለያዘ አረንጓዴ ይበራል። ይህን ጠባይ በደንብ ያጠና ሰው ሦስት ጥቅም ያገኛል።

አንደኛ፣ የተነካካ ድንጋይ ይጠረጥራል። የእኛ ኦፓል ትልቁ ጠባዩ ጠጪ መሆኑ ነው። ምላስ ላይ ቢያስቀምጡት ይጣበቃል። ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ይጠጣል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይጠጣል፣ ጭስም ይጠጣል፣ ፕላስቲክ መሰል ሙጫም ይጠጣል። ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወይን ጠጅ ቀለም የተነከረና በጭስ የጠቆረ የወሎ ኦፓል ዓለም ገበያ ላይ ታይቷል። ሙጫ የተሞላበት፣ ወይም ስስ ኦፓል በጥቁር ድንጋይ ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈበት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሙጫው ከመብራቱ ሥር ራሱን ያጋልጣል። የሻኪሶው መረግድም እንዲሁ ነው። ድንጋዩ ብረት ስላለበት ዝም ይላል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ዘይት ግን አንዳንዴ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ ድንጋዮቹን ይመድባል። ከየትኛው ጉድጓድ የወጣው ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው የመዘገበ ማኅበር ድንጋዩን በስሙና በትውልዱ መሸጥ ይጀምራል። ዓለም ላይ የከበረ ድንጋይ በትውልዱ ነው የሚከበረው።

ሦስተኛ፣ አይታለልም። ይህ የራሱ ክፍል ይገባዋል።

፬. የሚበራ ድንጋይና የሚያታልል ሰው

በቴሌግራምና በቲክቶክ «የሚበራ ድንጋይ አለኝ፣ ገዢ አገናኙኝ» የሚሉ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። ቪዲዮው ጨለማ ውስጥ ይነሳል፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ይበራል፣ ከሥሩ «ዩራኒየም ነው፣ ሚሊዮን ያወጣል» ይባላል። ቀጥሎ «ለማስመርመሪያ»፣ «ለፈቃድ»፣ «ለገዢው ትኬት» እየተባለ ገንዘብ ይሰበሰባል። ከብቱን ሸጦ የገባበትም ይኖራል።

በግልጽ እንነጋገር። አንድ ድንጋይ አረንጓዴ ስለበራ የዩራኒየም ማዕድን አይደለም። አረንጓዴ ለማብራት ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ዩራኒየም ይበቃል። ኦፓሉን በጣት ቀለበት ማድረግ ያው ቀለበት ማድረግ ነው፤ ቦምብም አይሠራበት፣ ሀብትም አያመጣ። ተቃራኒውም እውነት ነው። ወርቅ በዚህ መብራት ሥር አይበራም። ውድ የሆነው የደላንታ ኦፓል ከብዙ የሚበራ ድንጋይ ይልቅ ዝም ሊል ይችላል። ከአልማዝ እንኳ ሦስት እጁ አንዱ ገደማ ነው የሚበራው። መብራት ስለ ድንጋዩ ጠባይ ይነግረናል እንጂ ዋጋ አይተምንም።

የዚህ ዓይነቱ ወሬ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳዑዲ ዓረቢያ «በድሮ የሲንገር ልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ» የሚል ወሬ ተነስቶ ሕዝቡ አሮጌ መኪና በማይታመን ዋጋ ሲሻማ ነበር። ቀይ ሜርኩሪ የሚባለው ነገር ግን የለም። ነዳጅ የሞላባት አገር ሕዝብ እንዲህ ከተታለለ፣ የእኛ ወጣት ቢታለል አይገርምም። የሚገርመው እንዳይታለል ምንም ያለማድረጋችን ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ አንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ፣ አንዲት ባትሪና አምስት ድንጋይ ይበቃ ነበር። ልጁ ድንጋይ ሲበራ በዓይኑ ካየና ለምን እንደሚበራ ከተማረ፣ ለአሥር ዓመት ማንም «የሚበራ ድንጋይ» ብሎ አያታልለውም።

፭. «አሁን ጊዜው ነው ወይ?»

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ሰው ዋሻ ተደርምሶበት እየሞተ አንተ ስለ መብራት ታወራለህ።»

ይህ ከባድ ተቃውሞ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። ኦፓሉ ያለው ከአምባው ጫፍ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ ወገብ ላይ በተዘረጋ ስስ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ውስጥ ነው። ቆፋሪው ያንን ንጣፍ ተከትሎ እንደ ፍልፈል ወደ ውስጥ ይገባል። ድጋፍ እንጨት የለም። ከላይ ተራራው አለ። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደላንታ ላይ ዋሻ ተደርምሶ ሃያ ገደማ ሰዎች ውስጥ መቅረታቸው ሲዘገብ አገር ሁሉ ሰምቷል። ሰምቶም ረስቷል። ከዚያ በፊትም ስንት ወጣት በአንድ በአንድ ቀርቷል።

ታዲያ መብራቱና ናዳው ምን አገናኛቸው? ይህ ነው የሚያገናኛቸው፦ ወጣቱ ያለ ድጋፍ እንጨት የሚገባው እንጨት መግዣ ስለሌለው ነው። መግዣ የሌለው ድንጋዩን በርካሽ ስለሚሸጥ ነው። በርካሽ የሚሸጠው የያዘውን ስለማያውቅ ነው። በኪሎ የሚሸጥ ሰው ብዙ ኪሎ ለማውጣት ጠልቆ ይገባል። በጥራት የሚሸጥ ሰው ግን ያወጣውን አጥርቶ፣ መድቦ፣ ቆርጦ ከትንሹ ብዙ ያገኛል። የደኅንነት ወጪ ከትርፍ ነው የሚወጣው። ስለዚህ የእውቀቱ ጉዳይ ከሕይወቱ ጉዳይ የሚለይ አይደለም። ይሁንና ቅደም ተከተል ከተጠየቅሁ መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ የዋሻው ደኅንነት፣ ቀጥሎ መብራቱ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሰላም ሳይኖር ገበያ የለም» የሚል ነው። ልክ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጋሸና ጦር ሜዳ ነበረች። ከዚያም በኋላ መንገዱ ስንቴ እንደተዘጋ የምታውቁት ናችሁ። ገዢው ሳይመጣ ሲቀር ቆፋሪው ለመጀመሪያው ደላላ፣ በሰጠው ዋጋ ይለቃል። ግን ይህ ራሱ ለእኔ ክርክር ነው። እህል ይበሰብሳል፣ ከብት መኖ ይፈልጋል፤ በአግባቡ የተቀመጠ ድንጋይ ግን ይጠብቃል። የያዘውን የሚያውቅ ሰው መንገዱ እስኪከፈት ማስቀመጥ ይችላል። የማያውቅ ግን ይደናገጣል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሴ ይምጣ፦ መብራት ብቻውን አደገኛ ነው። ያልተነካካ ኦፓልም ሰማያዊ ነጭ ሊበራ እንደሚችል ብያለሁ። ግማሽ እውቀት ይዞ «ይህ ይበራል፣ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው» የሚል ሰው የጎረቤቱን መልካም ድንጋይ ያስጥላል። መብራቷ ጥርጣሬ ትሰጣለች፤ ፍርድ የሚሰጠው ላቦራቶሪ ነው። ለዚህም ነው ባትሪ ማደል ብቻውን ልማት ሊሆን የማይችለው።

፮. ታዲያ ምን ይደረግ?

እኛ ፎገራዎች አንድ ነገር በዓይናችን አይተናል። በ1970ዎቹ ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ሲገባ ብዙ ገበሬ እንዴት እንደሚበላ እንኳ አያውቅም ነበር። ሜዳው በየክረምቱ በውኃ የሚዋጥ፣ ከከብት ግጦሽ በቀር እምብዛም የማይታሰብ ነበር። ዛሬ «ነጭ ወርቅ» እንለዋለን። ይህ በዘር ብቻ የመጣ አይደለም። ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያው መጣ፣ ነጋዴው መጣ፣ በመጨረሻም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተተከለ። ምርምሩ የተተከለው ሩዙ ካለበት ነው። ገበሬው ሳይፈለፈል በሚሸጠውና ተፈልፍሎ በሚሸጠው መካከል ያለውን ልዩነት ዛሬ ማንም አያስተምረውም፤ እሱ ራሱ ያስተምራል።

ይህንኑ ለድንጋዩ ማሰብ ለምን ከበደን? የምጠይቀው ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው፣ በዓዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ለባህላዊ ማዕድን አምራቾች ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ፈቃድ ከተሰጠ ጋር ሁለት ነገር ይሰጥ። አንዱ ስለ ዋሻ ድጋፍ ሥልጠናና ቁጥጥር፤ ሌላው ለእያንዳንዱ ማኅበር አንድ ሳጥን መሣሪያ፣ ማለትም ማጉያ፣ ትክክለኛ ሚዛን፣ ሁለቱ ዓይነት መብራት ከመከላከያ መነጽሩ ጋር፣ እና በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ። በአማርኛ የሚለውን አስምሩበት። ስለ ወገል ጤና ኦፓል የተጻፉ ጥሩ ጥናቶች አሉ፤ የደላንታ ሰው ግን በቋንቋው አላነበባቸውም።

ሁለተኛው፣ መመርመሪያና መቁረጫ ማዕከል ድንጋዩ ካለበት ቅርብ ይሁን። የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የወልዲያና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ድንጋይ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ ሲያጣ እናያለን። ከየጉድጓዱ የወጣ ድንጋይ ቀን ቀኑን፣ ቦታ ቦታውን ተጽፎ፣ ከሁለቱ መብራት ሥር ያለው ጠባይ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ማዘጋጀት ለየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይከብድም። ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ሲሸጥ «ያልተነካካ፣ የደላንታ» የሚል ምስክር ወረቀት ይዞ ይውጣ። የተነካካውም «ተነካክቷል» ተብሎ ይሸጥ፤ ኃጢአቱ መደበቁ ነው። የመንዙ ኦፓል ስሙን ያጣው በመሰንጠቁ ነው። የወሎው በማጭበርበር ስሙን እንዳያጣ መጠበቅ የእኛ ሥራ ነው።

ሦስተኛው፣ የሚታይ ቤት ይሠራ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ፍራንክሊን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የዚንክ ማዕድን ማውጫዋ እ.ኤ.አ. በ1954 ተዘጋ። በአጠገቧ ያለው ስተርሊንግ ሂል በ1986 ተዘጋ። ከአካባቢው ከ350 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነሱ መካከል የሚበሩ በርካታ ናቸው። ዛሬ ማዕድኑ ካለቀ በኋላ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚገባው ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆሞ ግድግዳው አረንጓዴና ቀይ ሲበራ ለማየት ነው። ያለቀ ማዕድን ከተማ ያበላል! የላሊበላ ጎብኚ ጋሸናን አልፎ ነው የሚሄደው። ሰላሙ ተመልሶ ጎብኚው ሲመለስ፣ ጋሸና ላይ አንድ ጨለማ ክፍል፣ ጥቂት መብራት፣ የአካባቢው ድንጋይና የሚያስረዳ ወጣት ቢኖር ምን ይጎድላል? ጎብኚው ድንጋዩን ከነታሪኩ፣ በካራት ይገዛል።

አራተኛው ለእኛ ለተራዎቹ ነው። መምህር የሆናችሁ፣ ባትሪዋን ገዝታችሁ ክፍል ውስጥ አብሩ። ከርብና ከጉማራ ዳር ልጆቹ ጠጠር ለቅመው ይምጡ። አብዛኛው አይበራም፤ አለመብራቱም ትምህርት ነው። «ብረት ስላለበት ነው» ብሎ መመለስ የሚችል ልጅ ነገ የድንጋይ ደላላ ፊት አይደናገርም። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ለሠርግ ቀለበት ስታስቡ ከማን እንደምትገዙ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ራሱ ገበያ ይሠራል።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገሬ ሰው። የደላንታ ወጣት የተናቀው ድሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የያዘውን አያውቅም ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። የሐሰት ብር እንዳይገባ በየባንኩ መስኮት መብራት ያስቀመጠች አገር፣ እውነተኛ ሀብቷ በሐሰት ዋጋ እንዳይወጣ ገደሉ አፍ ላይ መብራት ማስቀመጥ ያቅታታል ብዬ አላምንም። የምጠረጥረው አላሰበችበትም ብዬ ነው። እንግዲህ እናሳስባት።

ሐሳባችሁን ከሥር ጻፉ። በተለይ ከደላንታ፣ ከዋድላና ከጋሸና የምትከታተሉን፣ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁና ተናገሩ።

ቸር ያሰማን።